ቢጫ የሚቆጥረው ማነው?

ብሔራዊ ቡድኑ በሰው ሜዳ አንድ ለዜሮ አሸንፎ መጣ። አገሩ ጨፍሮ ሳይጨርስ ውጤቱ ተገለበጠ፤ በፎርፌ ሦስት ለዜሮ ተሸንፋችኋል ተባለ። ጎሏን ያገባው አጥቂ ለካ በቀደሙት ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር በዚያ ቀን መሰለፍ አልነበረበትም።

ቢጫ መቁጠር የቡድን መሪው ሥራ ነው። ቡድን መሪው ደግሞ ሲሄድ ባዶ ሻንጣ ይዞ፣ ሲመለስ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ የሚዘጋ፣ ተጫዋቾቹ በሌለበት «ሻንጣው» የሚሉት ሰው ነው። አሰልጣኙ በጨዋታው ዋዜማ የሆቴሉ በር ላይ ይዞት «የልጁ ቢጫ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ሻንጣው ገበያ ሊዘጋበት ስለነበር ቆሞም አልመለሰለት። «ኧረ አሰልጣኝ፣ እኔ እያለሁ? አንተ ዝም ብለህ ተኛ!»

ራዲዮኖቹ ግን ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ ይታወቃል እንጂ። ዛሬ ጠዋት የአሰልጣኙ ሴት ልጅ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የቤታቸው በር ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ብቀርስ?»

«ምነው?»

«አባትሽ እስከ ሁለት መቁጠር አይችልም ይሉኛል።»

አሰልጣኙ ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሶ በቀጥታ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ቢሮ ገባ። ፕሬዚዳንቱ ዋንጫ አቅፈው ከተነሱት ፎቶ ሥር ተቀምጠዋል። ዋንጫው የሌላ አገር ነው።

«ስማኝ ወንድሜ» አሉት፣ «ጋዜጠኞቹ አዳራሽ ገብተዋል። ‹የኔ ስህተት ነው፣ ሕዝቡን ይቅርታ እጠይቃለሁ› በል፣ በቃ። ወንበርህን ማንም አይነካብህም።»

«ቡድን መሪው ለምን አይልም?»

«እሱማ...» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚስቴ ወንድም ነው። በሰው ፊት እንዴት ይዋረድ?»

«እኔም እኮ የሰው እህት ነው ያገባሁት፣ ጌታዬ!»

ፕሬዚዳንቱ እንደ ቀልድ ወስደውት ትከሻውን መታ መታ አደረጉና ወደ አዳራሹ ይዘውት ወረዱ። ሻንጣው ፊተኛው ረድፍ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ፕሬዚዳንቱ ማይክሮፎኑን ያዙ። «አሰልጣኛችን ጥፋቱን በወንድነት ሊያምን መጥቷል» ሲሉ ተጨበጨበ። የሚገርመው፣ ሻንጣውም አጨበጨበ።

አሰልጣኙ የሚለውን አዘጋጅቶ አልነበረም። ያንን ጭብጨባ ባያይ ኖሮ ምናልባት በጨዋ ደንብ ይናገር ነበር።

«ቢጫ የሚቆጥረው ያ ያጨበጨበው ሰውዬ ነው» አለ። «ጠይቄዋለሁ። ተኛ አለኝ። ተኛሁ። የኔ ጥፋት መተኛቴ...»

ማይክሮፎኑ ጠፋ። ስንት ስብሰባ ሙሉ ሲያፏጭ አስተካካይ ያጣ ማይክሮፎን፣ ዛሬ ባለሙያ ተገኘለት። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ከመስመር ዳር ሆኖ፣ በስታዲየም ጩኸት መሀል፣ በዚያኛው ጥግ ያለን ተከላካይ «ውጣ!» እያለ የኖረን ሰው ማይክሮፎን ነስቶ ዝም ማሰኘት አይቻልም። የቀረውን ጮኾ ተናገረው። የሚስት ወንድም የምትለዋንም አልዘለላትም።

ምሳ ሳይደርስ በዲሲፕሊን ጉድለት ተሰናበተ።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ሳህን እያነሳች ነበር።

«አባረሩህ?»

«አባረሩኝ።»

«ተናገርክ?»

«ጮህኩ።»

«ተሰማ?»

«እስከ ኋለኛው ወንበር።»

«እንግዲያው ታጠብና ብላ» አለችው። «ልጅቷን ከትምህርት ቤት አንተ ነህ የምታመጣት። በር ላይ አትቁም፣ ግቢው ድረስ ግባ።»