የሁሩሙ ማድረቂያና የጎንፋ ማኅተም

ከፍቶ ማየት በዚህ አገር ወንጀል ነው። እኔ ኩመራ ይህን ያወቅሁት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለሁ ነው። የተበላሸ ፕላዝማ ከፍቼ ጠገንኩ፤ "ማኅተም ሰብሯል" ተብዬ ተባረርኩ። ፕላዝማው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተማረ! ደህና ሠራህ ያለኝ ግን የለም።

አሁን መቱ ላይ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ባለፈው ኅዳር የሁሩሙ ቡና ማኅበር አስጠራኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ የታጠበው ቡና ሊሻግት ነው፤ ማድረቂያ ማሽኑ ደግሞ ቆሟል። የሙቀት መለኪያው ተቃጥሏል። ሌላ ገዝቼ ብገጥምለት ማሽኑ "ዕቃው አይታወቅም" ብሎ ጭራሽ ተቆለፈ። አዲስ አበባ ሻጮቹ ጋ ስንደውል "ማን ንኩ አላችሁ? የይለፍ ቃሉ እኛ ጋ ነው፤ ባለሙያ በሦስት ሳምንት ይመጣል" አሉን።

ሦስት ሳምንት! ማሽኑን የገዛው ማኅበሩ፣ ቡናው የገበሬው፣ የማሽኑ ጭንቅላት ግን የሻጮቹ።

ያንን ጭንቅላት፣ ኮምፒውተሩን፣ ነቅዬ ጣልኩና የራሴን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሳጥን አድርጌ ተከልኩበት። አንጎሉ ሪስክ ፋይቭ የሚሉት ዓይነት ፕሮሰሰር ነው፤ የሚታዘዝበት ቋንቋ የማንም የግል ንብረት አይደለም። የሰሌዳው ንድፍም ሆነ ውስጡ ያለው ፕሮግራም ክፍት ነው፤ የገባው ሰው ያስተካክለዋል። ስልኬ ላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ቀደም ብዬ አራት ወር የለፋሁበት ነገር ነው። የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ፣ ሲቆም ምን እንደሚደረግ በኦሮምኛ ጽፌ ከሳጥኑ ክዳን በውስጥ በኩል ለጠፍኩ። ማሽኑ ተነሣ።

ሊቀመንበሩ ጎንፋ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

"የይለፍ ቃሉን ለእኔ ብቻ ንገረኝ።"

"የለውም። ማንም ይከፍተዋል።"

"ማንም የሚከፍተው ነገር የማኅበር ንብረት ይባላል?"

"ታዲያ የማን ይባል? ያንተ?"

ቢሮ ገብቶ "ታሽጓል" የሚል ወረቀት ጻፈና ክቡን ማኅተም መትቶ ክዳኑ ላይ ለጠፈ። መመሪያዬንም አብሮ አሸገው!

በአራተኛው ቀን ማሽኑ ቆመ። ስደርስ አምስት ወንዶች ወረቀቱን ከበው ቆመዋል። ጎንፋ ስብሰባ ሄዷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። ውስጥ ያለው የማኅበሩ አባል የእትዬ ሻሽቱ የዓመት ቡና ነው፤ መሽተት ጀምሯል።

"ምን ትጠብቃለህ? ክፈተው እንጂ!" አሉኝ እትዬ ሻሽቱ።

"እትዬ፣ ማኅተም ሰብሬ አንዴ እንጀራዬን አጥቻለሁ።"

"እኔስ ዛሬ ላጣ አይደል? ወንዶች ነን ትላላችሁ ደግሞ፣ ወረቀት እየፈራችሁ!"

ወረቀቱን በጥፍራቸው ቀደው ክዳኑን ከፈቱ። መብራቱን አስጠፍተው የጻፍኩትን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ጣታቸውን ሽቦ በሽቦ አስኬዱ።

"ኩኖ! ይቺ ናት የላላችው።"

ብሎኗን በቢላዋ ጫፍ አጠበቁ። እኔን ጫፉን እንኳ አላስነኩኝም። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ መዞር ጀመረ።

ከሰዓት ጎንፋ መጣ። "ማኅተሜን ማን ቀደደ?"

"እኔ!" አሉ እትዬ ሻሽቱ።

እስካሁን እጄን አጣጥፌ መቆሜ አሳፈረኝ። ክዳኑን ከነመመሪያው ነቀልኩና ዓይኑ እያየ ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁት። ሳጥኑ አሁን ክዳን የለውም። ምን ላይ እንደሚያትም እስቲ አያለሁ።