ከገመዱ ወዲህ

ዶርቃ በመንገዱ ላይ የዘረጋችውን ገመድ ጫፍ ከግንዱ ጋር ለማሰር ትታገላለች። ከታች፣ ከባሕሩ ዳር፣ የዶዘሩ ድምፅ ተነሥቷል። ገና ሩቅ ነው። ቋጠሮው ላላባት፤ ፈታችውና እንደገና ጀመረች።

"ከፍ አድርጊው እንጂ" አሉ አክስቷ ኢዲት፣ በመንገዱ ዳር ከተገነደሰ ግንድ ላይ ተቀምጠው። "እንዲህ ዝቅ ካለ ዶዘሩ ገፍቶት ይሄዳል። ከሥሩ ካላለፈ ምን ዋጋ አለው?"

"ቁመቴ እዚህ ድረስ ነው።"

"ድንጋይ አምጥተሽ ቁሚበታ። በዚህ ዕድሜዬ ትከሻዬ ላይ ልትወጪ ነው?"

ዶርቃ ድንጋይ አንከባልላ ወጣችበት። ገመዱ መካከል ላይ የተንጠለጠለው የራሷ ጉርድ ነው፤ ወደ እርሻ ስትወርድ የምትለብሰው፣ ጠርዙ በጭቃ የጠቆረ አረንጓዴ ጉርድ። ከቤት ስትወጣ ከሥሩ ሽርጥ አገልድማ ነበር፤ እዚህ ስትደርስ አውልቃ ሰቀለችው። ከሳጥን የወጣ አዲስ ቢሆን ኖሮ ተራ ጨርቅ ነበር። የተለበሰ የሴት ጉርድ በተሰቀለበት ግን ወንድ ከሥሩ አያልፍም። ያለፈ እንደሆነ ክብሩ አብሮት አያልፍም፤ ዓሣ አይያዝለትም፣ በጉባኤ ሲናገር የሚሰማው አይኖርም። በእጁ የነካውም እንደዚያው ነው። ማውረድ የምትችለው ሴት ብቻ ናት።

በዱሮ ጊዜ ወንዶች ጦር ሲማዘዙ ሴቶች በመካከላቸው ጉርድ ይዘረጉ እንደነበር ይነገራል። በዶርቃ ዕድሜ ግን ይህን ያደረገች ሴት አልታየችም። ያልታየን ነገር ማድረግ እንዲህ እንደሚከብድ ዛሬ ነው ያወቀችው።

ከኋላቸው ደኑ ይጀምራል። አያቶቻቸው የተከሏቸው የንጋሊ ዛፎች ፍሬያቸውን መሬት ላይ አራግፈዋል፤ ከእነሱ በላይ ማን እንደተከላቸው የማይታወቁ ዛፎች ይቆማሉ፤ ግንዳቸውን ቤተሰብ ሙሉ እጅ ለእጅ ቢያያዝ አይዞረውም። የእንጨት ቆራጩ ኩባንያ ሰዎች ለመቁረጥ የመረጧቸውን ግንዳቸው ወገብ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋቸዋል። ከተቀቡት ባንዱ ፍልፍል ውስጥ አንዲት ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ እንቁላል ታቅፋለች። ደጇን በጭቃ መርጋ ከገባች ወሯ ነው። ላባዋ ረግፏል። ወንዱ ክንፉን እያፏጨ ይመጣና በቀረችው ቀዳዳ ፍሬ ያጎርሳታል። ዛፉ ቢወድቅ እሱ ይበራል፤ እሷ አትችልም።

"መጣ" አሉ ኢዲት።

"ሰምቻለሁ።"

"ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"ፈርቻለሁ፣ አክስቴ።"

"እኔስ? ሳልፈራ ቀርቼ ነው የተቀመጥኩት? ጉልበቴ ከድቶኝ ነው እንጂ።"

የሚያስፈራት ዶዘሩ ብቻ አልነበረም። በጎረቤቱ ወሽመጥ ማሽን ፊት የተቀመጡትን ሴቶች ፖሊስ በጀልባ ጭኖ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሆኒያራ ወስዷቸው ነበር። ተመልሰዋል፤ ግን አንዷ ከተመለሰች ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ከዚያም ይልቅ የሚያስፈራት ወንድሟ ነው። ከዶዘሩ ፊት ፊት የሚመጣው ሞስቲን ነው።

በኢዛቤል ደሴት መሬት በእናት በኩል ነው የሚወርደው። ይህም ተዳፋት ከእናታቸው ወደ ዶርቃ የመጣ ነው። በጉባኤ ስለ መሬቱ የሚናገረው ግን ወንድም ነው፤ እህት ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች፣ በሰው ፊት አታርመውም። ልጅነታቸው ካለፈ ጀምሮ ዶርቃና ሞስቲን አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ስሙን አትጠራም። የሚሰጣጡት ነገር ካለ አንዱ መሬት ላይ ያኖረዋል፣ ሌላው ያነሣዋል፤ ቃልም ቢሆን በሦስተኛ ሰው በኩል ነው የሚያልፈው። ክብር ነው፤ ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚኖረው። እናም ሞስቲን በኩባንያው ሰዎች ፊት ተነሥቶ "ሴቶቹም ተስማምተዋል" ሲል ከኋላው የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። ዶርቃም ዝም አለች። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዝምታውን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

ሞስቲን ስግብግብ ሰው አይደለም። ሚስቱ ሎይስ በወሊድ ደም ሲፈሳት ጤና ጣቢያው ከተራራው ማዶ ነበር፤ መንገድ የለም። የሞተር ጀልባ የነበረው ሰው ነዳጅ አልነበረውም። በታንኳ እየቀዘፉ ወሰዷት። የሎይስ ራስ ዶርቃ ጭን ላይ ነበር። ከወሽመጡ ሳይወጡ ትንፋሿ ቆሞ ከበደች፤ ዶርቃ ግን ለሚቀዝፉት አልተናገረችም፤ እነሱም እስከ ማዶ ቀዘፉ። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ጆሮ የሚገባው አንድ ቃል "መንገድ" ነበር። ኩባንያውም ይህንኑ ቃል ገባለት።

ዶዘሩ ከጠመዝማዛው ብቅ አለ። ነጂው ማኤና ከሌላ ደሴት፣ ከማላይታ፣ የመጣ ሰው ነው፤ የሚያኝከው ፍሬ ከንፈሩን አቅልቶታል። ቀና ሲል ጉርዱን አየ። ማሽኑ ቀጥ አለ። ከኋላው የነበረው ፒካፕ ሊገጨው ጥቂት ቀረው፤ የካምፑ አለቃ በሩን በርግዶ ወረደ።

"ለምን ቆምክ?"

"አልሄድም፣ አለቃ።"

"ተበላሸ?"

"እሱ ደህና ነው።" ማኤና በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ። "የሴት ጉርድ ነው።"

አለቃው ጉርዱን አየ፣ ነጂውን አየ፣ ወደ ሞስቲን ዞረ። "አውርደው።"

ሞስቲን ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው ሸሸገ። "እኔ ልነካው አልችልም።"

"አንተ አይደለህ እንዴ የዚህ አገር ሹም?"

"ስለሆንኩ ነው።"

አለቃው በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አጉረመረመ። ከዚያ ወደ ገመዱ ሄዶ በአንድ ጎኑ ጎተተው፤ ዶርቃ ያን ሁሉ የታገለችበት ቋጠሮ ተፈታ። ገመዱ መንገዱ ላይ ወደቀ። ጉርዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣና የዶዘሩ አፍንጫ ላይ ወረወረው። "ይኸው አለቀ" አለ።

ማኤና እባብ እንዳየ ሰው ዘሎ ወረደ። መንገዱ ዳር ደርሶ ነው የቆመው።

"ምን ሆንክ ደግሞ?"

"እስካሁን ወደ ኋላ መመለስ እችል ነበር፣ አለቃ። አሁን ወደየትም አልነዳውም። እዚሁ ይዛግ።"

ኢዲት ሳቃቸው አመለጣቸው። "እኛ በር ገርበብ አድርገን ነበር፤ ሰውዬው ቆለፈልን" አሉ።

ሳቁ ለዶርቃ አልደረሳትም። አለቃው ወደ እሷ እየመጣ ነበር። ፊቷ ቆሞ "ያንቺ ነው?" ሲላት ዐይኗን ጉርዱ ላይ አሳረፈች። አላስጨነቃትም፤ ስልኩን አወጣና ፊቷን ፎቶ አነሣው። ከዚያ ጮክ ሳይል፣ ቀስ ብሎ፣ ፖሊስ ካምፑ ውስጥ ቁርስ እየበላ መሆኑን፣ ከአገሩ ያመጣው ሌላ ነጂም እንዳለው ነገራት። "እሱ ጉርድ አይፈራም" አለ። ወደ ፒካፑ ተመልሶ ቁልቁል ነዳ። ማኤናም ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ከኋላው በእግሩ ወረደ።

ሞስቲን ብቻ ቀረ። ከዶዘሩ ጎን፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ቆሟል። የተናገረው ለአክስቱ ነው።

"አክስቴ፣ ጉርዷን አንሥታ ወደ ቤቷ ትሂድ ይበሏት። ፎቶዋን ይዘዋል። ይወስዷታል።"

"ሰምታለች" አሉ ኢዲት።

"ይበሏት።"

"ወንድምሽ ሂጂ ይልሻል። ፈርቷል።"

"እኔም ፈርቻለሁ ይበሉት" አለች ዶርቃ። "ግን አልሄድም።"

ሞስቲን ትከሻው ሲያብጥ፣ ሲወርድ አየች። "ሎይስን ረስታ ነው?"

ይህን ኢዲት አላስተላለፉም። አንገታቸውን ደፉ። ነፋሱ ከላይ የንጋሊ ቅጠል አራገፈ፤ ወንዱ ወፍ በራሳቸው ላይ አልፎ ወደ ፍልፍሉ ሄደ።

"ጭኔ ላይ ነበረች" አለች ዶርቃ፣ ለአክስቷ። "ይህን ይበሉት። ሌላ አልልም።"

"መንገድ ቢኖር በሕይወት ትኖር ነበር" አለ ሞስቲን። "ይኼን ነው የሠራሁት። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም፣ አክስቴ።"

ኢዲት በበትራቸው ወደ ደኑ አመለከቱ። "ልጄ፣ አንተ ከቀቢዎቹ ጋር ወጥተህ ነበር አይደለም? ቀለሙ የት ድረስ ሄደ?"

ሞስቲን ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ።

"ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደ?"

"አልሄደም።"

"የት ላይ አለቀ?"

ሞስቲን መንገዱ ላይ ያለ ጠጠር በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። "ትልልቁ ዛፍ ያለቀበት" አለ። "ጠየቅኋቸው። ሸንተረሩ ላይ ይቆማል፣ የቀረውን በሌላ ዓመት እናያለን አሉኝ።"

"መቼ ነው እንዲህ ያሉህ?"

"ከፈረምኩ በኋላ።"

ኢዲት ከንፈራቸውን መጠጡ። ዶርቃ ወንድሟ ይህን ለብቻው ይዞት ስንት ሌሊት እንዳደረ አሰበች፤ ጠይቃው የማታውቀው፣ ልትጠይቀውም የማትችለው ነገር ነው።

ከታች ሞተር ተነሣ። አንድ አይደለም።

ዶርቃ ወደ ዶዘሩ ሄደች። ወንድሟ አጠገብ ማለፍ ነበረባት፤ እሱም ሳያያት ጥቂት ፈቀቅ አለላት። ጉርዷን ከብረቱ ላይ አነሣች፤ ሙቀት ገብቶበታል፣ ዘይት ነክቶታል። ተመልሳ መንገዱ ላይ የተጋደመውን ገመድ አነሣችና ጉርዱን አስገባችበት። ሌላው ጫፉ እንደታሰረ ነው። የተፈታውን ጫፍ ይዛ ከግንዱ ጎን ቆመች፤ ገመዱ ገና መሬት ላይ ነው፣ ገና መንገዱ ክፍት ነው።

ጉርዱ የሚመጣውን ነጂ አያስቆመውም፤ ይህን ታውቃለች። ሹሙ ከጉርዱ በስተኋላ ቆሞ ቢገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ ኩባንያው "ባለቤቶቹ ፈቅደዋል" ብሎ ለፖሊስ የሚያሳየው ሰው ያጣል። እሱም ከኩባንያው የተቀበለውን ገንዘብ ይጠየቃል፤ ፖሊስ ይዞ ሊሄድ የሚችለው እሱን ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ ያላደረገችውን አደረገች፤ ፊቷን ወደ እሱ አቀናች።

"ወንድሜ" አለች። "ከወዲያ ነህ፣ ከወዲህ?"

ኢዲት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሞስቲን ቃሉ ከየት እንደመጣ እንዳላወቀ ሰው ዞር አለ፤ ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። ደንግጧል። አርጅቷልም፤ ይህን ያህል ቀርባ አላየችውም ነበር። ዐይኑን ፈጥኖ ሰበረ።

የሞተሮቹ ድምፅ ከወንዙ መሻገሪያ ደረሰ።

ሞስቲን ኮፍያውን አወለቀ። ገመዱን እንዳይረግጥ፣ እንዳይሻገረውም፣ የታሰረውን ግንድ በጫካው በኩል ዞሮ አለፈና ከንጋሊዎቹ ሥር ቆመ። ጀርባውን ለዶርቃ ሰጠ፤ እንደ ደንቡ።

"አክስቴ" አለ። "ትሰረው ይበሏት።"

ዶርቃ ወዲያው አላሰረችም። ገመዱን መሬት ላይ ብትተወው ሰዎቹ ሲደርሱ ወንድሟ ወደ ታች መሄድ ይችላል፤ ዶዘሩን ሲጠብቅ ነበር፣ እህቱን ሲለምን ነበር ይባላል፤ ማንም ምንም አላየም። ካሰረችው ግን ከጉርዱ በስተኋላ ቆሞ ይታያል፤ በዚህ መንገድ መመለሻ የለውም። እሷ ካልለቀቀችው እንደማይሄድ፣ ብትለቀው እንደማይቀየማት አውቃለች፤ ስለሚወስዱትም ፈራች፤ ለራሷ ከፈራችው ይልቅ ፈራች። የመጀመሪያው መኪና አፍንጫ በጠመዝማዛው ታየ።

ድንጋዩ ላይ ወጣች። ጉርዱ ከመሬት ተነሥቶ መንገዱ መካከል ተንጠለጠለ። ጫፉን በግንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና አሰረችው።