የዘጠኝ ቁጥር ቅርጫት

ለዓለም ሻምፒዮናው በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የተመዘገብኩት ስፖርት ወድጄ አይደለም። የልጅ ልጄ ስትመዘገብ ብቻዋን ልተዋት ስላልቻልኩ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ አውቶቡስ አስቡት! መዝጋቢው ወጣት፣ «እማማ፣ ረጅም ሰዓት መቆም ይችላሉ?» አለኝ።

«የልጅ ልጅ አሳድጌ? እኔ ያቃተኝ መቀመጥ ነው!» አልኩት። ሳቀና ጻፈኝ።

ልጅቷን ድንቢጥ ነው የምላት፤ ከሲታ ናት። አሥራ ስምንት ሞልቷታል። እናቷ፣ የእኔ ልጅ፣ ሯጭ ናት። ድንቢጥ ሦስት ዓመት ሲሆናት ለውድድር እንደወጣች ቀረች፤ ዛሬ የምትሮጠው ለሌላ አገር ነው። ሦስት ጊዜ እመጣለሁ ብላ ሦስት ጊዜ ቀርታለች። የመጨረሻው ጊዜ ልጅቷ አዲስ ጫማዋን አድርጋ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ትኩሳት ጣላት፤ ሳምንት ሙሉ ውሃ በማንኪያ ነው ያጠጣኋት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከዚያ ወዲህ የእናቷ ስም ሲነሳ እኔ እደነብራለሁ።

የደረሰን ሥራ ቅርጫት መያዝ ነበር። ሯጮቹ መነሻው ላይ ቱታቸውን አውልቀው ቁጥራቸው የተለጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ያደርጋሉ፤ ያዢው ተሸክሞት መውጫው በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ካላናገሩን አናናግራቸውም፣ አንነካቸውም። ስልካችንን ጠዋት ይሰበስባሉ። ዘመዱ የሚሮጥ ሰው ደግሞ በዚያ ውድድር ሜዳ አይገባም።

የሴቶች አምስት ሺህ ሜትር ማጣሪያ ዕለት፣ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መነጽሬን አድርጌ ሳነብ ከዘጠኝ ቁጥር ትይዩ የልጄ ስም! ዞር ስል ዘጠኝ ቁጥር ቅርጫት ድንቢጥ እጅ ላይ ነው። ጸጉሯን ተሠርታለች። ከጎኗ በተቀመጠው ቅርጫት ያዥ፣ በጡረተኛው ሹፌር፣ ትቀልዳለች።

«አባባ፣ ቅርጫቱን ይዘው ወደ ኋላ እንዳይነዱ!»

«ዝም በይ አንቺ! ሠላሳ ዓመት ዶሮ ያልገጨሁ ዛሬ ሯጭ ልገጭ?»

እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ስሙን አላየችውም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። እናትየው ከፊቷ ትቆማለች፤ እንደማንኛውም ሰው ቱታዋን ጥላባት ትሄዳለች፤ ከዚያስ? ማን ሊያነሳት ነው?

ወደ አስተባባሪዋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ያቺ ልጅ የምትሮጥ ዘመድ አላት። ደንቡ ይከለክል የለም?»

«እርስዎ አያቷ አይደሉ እንዴ? ታዲያ እርስዎስ?»

«እኔ በአባቷ በኩል ነኝ» ስል ዋሸሁ።

ጊዜ አልነበራትም። «እሷ ፎጣ መጋዘን ትሂድ። ዘጠኝን እርስዎ ያዙ» አለችኝ። መጋዘኑ ከስታዲየሙ ማዶ፣ ምድር ቤት ነው። ድንቢጥ ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። «እባክሽ፣ ዛሬን ብቻ» እያለች አስተባባሪዋን ለመነቻት። እኔ አንገቴን ደፍቼ የቅርጫቱን ቁጥር እንደሚያስተካክል ሰው እነካካለሁ።

ተሰልፈን ገባን። ልጄ መጣች። ዓይኗ ሥር መሸብሸብ ጀምሯል። ቱታዋን እያወለቀች ቀና ስትል እጇ ባለበት ቀረ።

«እማዬ? ... እሷስ?»

«ደህና ናት። ሩጫሽን ሩጪ።»

«እዚህ እቆማለሁ ብላኝ ነበር እኮ! ሰው ለምኜ ቅርጫትሽን ተቀየርኩ ብላ ትናንት ጻፈችልኝ።»

ሹፌሩ ከጎኔ አንገቱን ደፋ። «እኔን ነው የለመነችኝ» አለ በሹክሹክታ። «እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ።»

ተኩሱ ተሰማ። መውጫው በር ላይ ቅርጫቱን ታቅፌ ቆምኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነበረኝ። ዋሽቻለሁ፣ ልጅቷን አስጠሩልኝ ለማለት የሚበቃ ጊዜ። ከሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ልባል ነው ብዬ ዙር ስቆጥር ቆየሁ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ነው በሩ አጠገብ ለቆመችው አስተባባሪ እውነቱን የተነፈስኩት። አስተባባሪዋ ገላመጠችኝና በሬዲዮ ተጣራች።

ልጄ አሥራ አንደኛ ወጥታ ከማጣሪያው ወደቀች። በሩ ጋ ደርሳ ቱታዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ኮሪደሩን ታያለች። የቡድኗ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ያጣድፋታል፤ እሷ አንድ ጣቷን ታሳየዋለች፤ አንድ ደቂቃ። የወደቀ በዚያው ቀን ነው የሚበረው።

ደቂቃው አለቀ።

«እማዬ፣ እኔን ቅጪኝ፤ ይገባኛል» አለችኝ። «እሷ ግን ምን አደረገችሽ?»

ወሰዷት። ድንቢጥ እያለከለከች ስትደርስ ፎጣ እንደተሸከመች ነበር። ቅርጫቱን አየች፤ ባዶ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ አጥፊዋ እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ።

«እንቅልፍ አጥተሽ እንዳታድሪ ብዬ ነዋ፣ እማማ። ስታለቅሺ ካየሁሽ ደግሞ እተወዋለሁ ብዬ ... እሷን ካገኘሁ በኋላ ልነግርሽ ነበር» አለች። «አንቺ ነሽ ያስቀየርሽኝ፣ አይደል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ቤት ገብተን ምግብ አቀረብኩላት። በላች። ሳህኗን አጠበችና «አመሰግናለሁ» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሳበላት «ጨው በዛ» ትለኛለች፣ «ጨምሪልኝ» ትለኛለች እንጂ አመስግናኝ አታውቅም ነበር። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን ሳታመሰግነኝ ከገበታ ተነስታ አታውቅም።