የተገዘተው ሹሩባ

ቄስ ዓለምብርሃን ሊሞቱ ነው ከተባለ ሁለት ጾም አልፏል። ደባርቅ ውስጥ የእሳቸውን ያህል ተሰናብቶ ሳይሄድ የቀረ ሰው የለም። ልጆቻቸው ከየአገሩ ተጠርተው መጥተው፣ አልቅሰው፣ በልተው ጠጥተው ተመልሰዋል። የሚናዘዙት አዲስ ኃጢአት ስላለቀባቸው ንስሐ አባታቸው ቄስ ኪዳነ ማርያም ሲመጡ የከተማውን ወሬ ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

የልጅ ልጃቸው ሠርካለም ግን ማታ ማታ የምትጸልየው አንድ ነገር ነበር፤ እስከ እሑድ ብቻ እንዲቆዩላት። እሑድ ዳባት ላይ የዞኑ የሩጫ ምርጫ አለ፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣች ለክልሉ ቡድን ትያዛለች። አያት ከሞተ ግን ሩጫ ብሎ ነገር የለም። ሴት ልጅ ሹሩባዋን ፈትታ፣ ፀጉሯን በትና ድንኳን ውስጥ ትቀመጣለች። ሠርካለም በዚህ ጸሎቷ ታፍር ነበር። አያቷን ትወዳቸዋለች፤ ሩጫውንም ትወደዋለች፤ ሁለቱን የሚያስታርቅላት ሽማግሌ አላገኘችም።

የአምናውን ምርጫ ያሳጣት ፀጉሯ ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ደባርቅ ላይ ቀልድ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ በሊማሊሞ በኩል ስትሮጥ ያ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ከሹራብ ኮፍያው ሥር በላብ ይርሳል፤ ኮፍያውን ስታወልቅ ብርዱ ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሳይነስ፣ ከዚያ አልጋ። ፀጉሩን ደግሞ ኮፍያው ራሱ እየፈተገ ይሰባብረዋል። አሠልጣኝ ክንዴ፣ አንድ ዘለላ ፀጉር የሌለው ሰው፣ "ወይ ተሠሪው ወይ ተላጪው" ብሎ ቁርጡን ነግሯት ነበር።

ስለዚህ ዘንድሮ መናኸሪያው አጠገብ ሳሎን ካላት ከእስከዳር ዘንድ ሄዳ ግማሽ ቀን ተቀመጠች። እስከዳር ፀጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት ቀጫጭን አድርጋ ጎነጎነችው። ጫፉን ወደ ውስጥ መልሳ ሰፋችው፤ ከኮፍያው ሥር የሚታሰር የሐር ሻሽም ጨመረችላት። "በዚህ ሹሩባ ራስ ዳሽን ላይ ብታድሪ ብርድ አይነካሽም" አለቻት። ሥራዋን ስታደንቅ እስከዳርን የሚያህል አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቄስ ዓለምብርሃን በጣም ስለደከሙ የሕሙማን ጸሎት የሆነው ቀንዲል ሊጸለይላቸው ካህናቱ ወደ ውስጥ ገቡ። ጎረቤቱ ነጠላውን አጣፍቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ልጃቸው አልጣሽ ከዳባት በሚኒባስ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። አልጣሽ ለቅሶ ላይ ሁለተኛ ሆና አታውቅም። ነጭ የለበሰውን ሰው በአጥሩ በኩል እንዳየች ማንንም ሳትጠይቅ እሪታዋን አቀለጠችው።

እዚህ ላይ የአገሬውን ጨዋነት ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው እያለቀሰ ዝም ብሎ መቆም ነውር ነው። በሩ አጠገብ የነበሩት፣ ልጅ ናትና ሰምታ ይሆናል ብለው አለቀሱ። ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን አይተው አለቀሱ። ወደ ውስጥ ብቅ ብሎ ያጣራ አንድም አልነበረም፤ ማጣራት አለማዘን ይመስላላ።

ሠርካለም ጠበል ልታመጣ ወጥታ ስትመለስ አክስቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "አባባ ሞተው አንቺ ተሽሞንሙነሽ ትቆሚያለሽ?" እያለች ጣቶቿን ሹሩባው ውስጥ ሰደደች። ሌሎቹም አገዟት። ሠርካለም መጀመሪያ የታሰባት እሑድ ነው። ይህ በመታሰቡ ራሷን ጠላች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። ግማሽ ቀን የተለፋበት ፀጉር ተበትኖ ሲያልቅ ቄስ ኪዳነ ማርያም መጽሐፋቸውን እንደያዙ ከቤት ወጡ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ አልጣሽን አየ። አልጣሽ ሰማዩን አየች። ከቄሱ ኋላ ቄስ ዓለምብርሃን በዲያቆናት ተደግፈው ብቅ አሉ፤ ለሞተ ሰው ደህና ይመስሉ ነበር።

"አልጣሽ፣ ለመሆኑ ሙሾው የት ደርሶ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው። "በሬዎቼን አንሥተሻል?"

"ገና ነበርኩ፣ አባባ።"

ከዚያ ሠርካለምን አዩ። ፀጉሯ በአራቱም ማዕዘን ቆሟል። "አንቺስ የምታለቅሽው ለእኔ ነው ለፀጉርሽ?" አሏት።

"ለሁለታችሁም ነው፣ አባ። ነገ ምርጫ አለብኝ።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና መደቡ ላይ አስቀመጧቸው። "በእኔ ስም ፈትታችሁታል፤ በእኔ ስም ሥሩት" አሉ። ከለቀስተኞቹ መካከል በሥራዋ መፍረስ ስትንጨረጨር የነበረችው እስከዳር ቀኙን ያዘች። አልጣሽ ለቅጣቷ ግራው ደረሳት። ቄስ ዓለምብርሃን አየሩን አሸተቱ።

"በጾም ቅቤ?"

"ለፀጉር ነው፣ አባ።"

"ይሁን። ፀጉር አይጾምም" አሉ። ቄስ ኪዳነ ማርያም የሚቃወሙበት አንቀጽ ፍለጋ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

ቀኙ በገመድ የተለካ መሰለ፤ ግራው ገና ያልተገራ ወይፈን ያረሰው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌው መስቀላቸውን አነሡ። "እኔ ብሞትም ባልሞትም፣ ይህን ሹሩባ ማንም ሰው እንዳይፈታው በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ።" ሴቶቹ እጃቸውን ከሠርካለም ራስ ላይ አነሡ። አልጣሽማ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ቀበረችው።

እሑድ ሠርካለም ዳባት ላይ ሦስተኛ ወጣች። ውርጩም ኮፍያውም ምንም አላደረጓት። ደስታዋ ግን ሚኒባስ ውስጥ ተበላሸ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጮህባት የኖረው ክንዴ ለስላሳ ገዝቶ በለሆሳስ "ጠጪ፣ እህቴ" አላት። ያን ጊዜ የአያቷን ነገር ጠረጠረች። መርዶውን ግን እቤቷ እስክትደርስ የነገራት የለም።

አያቷ ያረፉት ሩጫው ሊጀመር ሲል ነው። አልጣሽ ዛሬ አጣርታ፣ መስታወት አፍንጫቸው ሥር ይዛ፣ ጎረቤት አስመስክራ ነው ያለቀሰችው።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ፀጉራቸውን በትነዋል። ሠርካለም በመካከላቸው ሠርግ የተጠራች መስላ ተቀመጠች። አያቷ እንደሌሉ የገባት በድንኳኑ በር በኩል ባዶውን መደብ ስታይ ነው፤ ሹሩባዋን ልትፈታ እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። አልጣሽ የእጇን አንጓ ያዘቻት።

"ተገዝቷል።"

"የራሴ ፀጉር ነው እኮ፣ እትዬ።"

"ማንም ሰው ነው ያሉት። አንቺ ሰው አይደለሽም?"

ሠርካለም ተነሥታ ቄስ ኪዳነ ማርያም ዘንድ ሄደች። "ግዝቱን ያንሡልኝ፣ አባቴ። ለእሳቸው ነው የምፈታው።"

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። "እስከ መቼ እንደሆነ አልተናገሩም" አሉ። "ረስተውት ነው ብዬ ላነሣው ነበር። ግን እሳቸው ምን ረስተው ያውቃሉ?"

ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ትናንት ይህ ሹሩባ እንዳይነካ የማትሰጠው ነገር አልነበረም፤ አሁን ለመፍታት ሦስተኛነቷን በሰጠች ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡ ዘመዶች በጎን እያዩዋት ሲንሾካሾኩ ሰማች። አያቷ ሞተው ሹሩባ፣ ደግሞ በቅቤ። እጆቿን የምታስቀምጥበት አጣች።

አልጣሽም ሹክሹክታውን ሰምታለች። ተንፏቃ ተጠጋቻት፤ ሹሩባው እንዳይነካባት ተጠንቅቃ የሠርካለምን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋችና የራሷን የተበተነ ፀጉር ከላይ ለቀቀችባት።

"የእኔ ለሁለታችን ይበቃል" አለቻት።

ሠርካለም ከዚያ ሥር ሆና ጮኻ አለቀሰች።