የማይሞላው ጉድጓድ

ሐረገወይን በሸዋ ሮቢት፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያቆመችው ሆቴል ነበራት። በ1959 ዓ.ም. የውሃ መጸዳጃ አሠራችበት። ጣሪያው ላይ ከተሰቀለው በርሜል ውሃ ይለቀቃል፤ ቆሻሻው በተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ ግቢውን አቋርጦ ከጓሮ ወደተቆፈረው የፍሳሽ ጉድጓድ ይሄዳል። ወደ ደሴ የሚያልፉ ሹማምንት እሷ ዘንድ ማደር የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በመጸዳጃዋ እንደምትኮራ አትደብቅም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በግንቦት ሙቀት፣ ጎረቤቷ ጣይባ አንድ ረፋድ ላይ በጓሮ በር ገባች። ውሃ በጣሳ ይዛለች።

«እስቲ ያሽትቱት፣ እትዬ ሐረገወይን። አሁን ከጉድጓዳችን የቀዳሁት ነው።»

ሐረገወይን አሸተተችው። ይከረፋል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አብዱልመጂድ የእርስዎ ፍሳሽ ነው ይላል።»

አብዱልመጂድ የጣይባ ባል ነው፤ ከአሊዩ አምባ እስከ ካራቆሬ ገበያ የሚዞር የጨርቅ ነጋዴ። ከጥቂት ወራት በፊት ለመጋዘን የሚሆን ከጓሮ መሬትዎ ይሽጡልኝ ብሏት እምቢ ብላዋለች። አልተጣሉም። «እሺ፣ አላህ ያለው ይሆናል» ብሎ ነው የሄደው። ሐረገወይንን ግን ያ ረጋ ያለ አነጋገሩ ከዚያ ጀምሮ ሲከነክናት ነበር። አሁን ነገሩ ሁሉ የተገለጠላት መሰላት። መጸዳጃዬን አዘግቶ፣ እንግዶቼን አባሮ፣ መሬቱን በርካሽ ሊወስድ ነው አለች በልቧ። ጣሳው ውስጥስ ምን እንደጨመሩበት ማን ያውቃል?

ነገሩ የሰፈር ሽማግሎች ዘንድ ደረሰ። እነሱም ሙያው ያለው ሰው ይየው ብለው፣ በመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ቧንቧ የሚጠግነውን ጌታቸውን አስጠሩ። ጌታቸው ሁለቱንም ግቢ ዞሮ አየ። የእነጣይባ የውሃ ጉድጓድ ከሆቴሉ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

«ላምባ ይነግረናል» አላቸው። «ፍሳሽ ጉድጓዱ ውስጥ ላምባ እንጨምራለን። ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ካለ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ የላምባው ሽታ ከዚያ ይወጣል።»

ሁለቱም ወገን አልተማመኑም። ሐረገወይን ማንም ተደብቆ ላምባ እንዳይጨምርበት ወጥ ሠሪዋን አሰገደችን የውሃው ጉድጓድ አጠገብ አስቀመጠች። አብዱልመጂድ ደግሞ ወንድሙን አብዱሰላምን ፍሳሹ ጉድጓድ ላይ አቆመ። አብዱሰላም ላምባው ውሃ እንዳልተቀላቀለበት ለማወቅ ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

ቀናት አለፉ። የጉድጓዱ ውሃ የቀድሞ ሽታውን እንጂ ላምባ አልሸተተም። ሽማግሎቹም ነገሩን ዘጉት።

«ይኼ ጌታቸው ምሳውን የት ነው የሚበላው?» ብሎ ጠየቃቸው አብዱልመጂድ።

የሚበላው ሐረገወይን ሆቴል ነበር።

አብዱልመጂድ የሞተ እንስሳ ገብቶበት ይሆናል ብሎ የውሃ ጉድጓዱን አስጠረገ። ሽታው ቀነሰ፤ ቤተሰቡም ተመልሶ ከዚያው መጠጣት ጀመረ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ግን ሰላምታ ቀረ። ሐረገወይን አጥሩ ላይ እሾህ አስጨመረች። ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ስትሰማ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች። አንድ እንግዳ ሳያድር ከሄደ፣ ማን ምን ነግሮት ይሆን ትላለች።

ክረምቱ ሳይገባ አሰገደች ወሬ ይዛ መጣች።

«የጣይባ ልጅ ናፊሳ ሆዷ አልቆም ብሎ ጤና ጣቢያ አስተኝተዋታል።»

«በሙቀቱ ነዋ» አለች ሐረገወይን።

አሰገደች ቀና ብላ ሳታያት ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ያ አኳኋኗ ሐረገወይንን አስቆጣት። እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ሙያተኛ መስክሮልኛል እያለች ወደ ጓሮ ወጣች፤ በዓይኗ ልታረጋግጥ የፍሳሹን ጉድጓድ ክዳን አነሣች።

የቀትር ፀሐይ እስከ ታች ድረስ ገባ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከሥሩ ትንሽ ጭቃ አለ፤ በጭቃው ላይ ያፈሰሱት ላምባ እስካሁን ያብረቀርቃል።

ከተቆፈረ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላስመጠጠችውም። ጉድጓዴ በረከት አለው እያለች ለሰው ታወራ ነበር። አህያዎች ግን በየማለዳው ከወንዝ ውሃ ያመላልሳሉ፤ በርሜሉ በየቀኑ ይሞላል፣ በየቀኑ ይጎድላል። ያ ሁሉ ውሃ እዚህ ካልደረሰ የት ገባ? ላምባው የፈሰሰው ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ቱቦውን ግን ማንም አልፈተነውም።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጌታቸውን ነበር፤ እያወቀ ሊያስደስተኝ ብሎ ይሆን? ቀጥላ አብዱልመጂድ ራሱ ቆፍሮ ቱቦውን ሰብሮት ይሆናል ብላ ግቢውን ስንዝር በስንዝር አየች። መሬቱ ተነክቶ አያውቅም። የምትጠረጥረው ሰው አለቀባት።

ክዳኑን መልሳ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ይህንንም አስባዋለች።

ከሰዓት በኋላ ከሣጥኗ ወይን ጠጅ የስፌት ቀለም አወጣች፤ ሰፌድ ለመስፋት አክርማ የምታቀልምበት ነው። በባልዲ በጥብጣ መጸዳጃው ውስጥ ደፋችው፤ ከላይም ውሃ ለቀቀችበት። ለአሰገደችም አልነገረችም። ሰው ካወቀ ተንኮል ሊገባበት ይችላል።

በማግሥቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ እነጣይባ ግቢ ገባች። ጣይባ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ይግቡ አላለቻትም።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ከጉድጓዳችሁ አንድ ባልዲ ልቅዳ።»

«ለምን?»

«ላየው።»

«ምን ሊጨምሩበት ነው?»

ሐረገወይን ነጠላዋን ገልጣ ባዶ እጆቿን አሳየቻት። «እንግዲያው አንቺው ቅጂው። እኔ እዚሁ እቆማለሁ።»

ጣይባ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል ገመዱን ጎተተች። ባልዲው ሲወጣ የውሃው መልክ ወይን ጠጅ ነበር። ጣይባ እንደ እሳት ለቀቀችውና ወደኋላ ሸሸች።

«የስፌት ቀለም ነው» አለች ሐረገወይን። «ትናንት ሽንት ቤቴ ውስጥ የደፋሁት ነው። ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። ፍሳሹ የእኔ ነው፣ ጣይባ።»

ጣይባ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በዚህም ውስጥ ተንኮል እየፈለገች እንደሆነ ያስታውቃል።

«ታዲያ ለምን ይነግሩኛል?»

«ልጅሽ እንዴት ናት?»

«አልሀምዱሊላህ። ትናንት ወደ ቤት መጥታለች።»

«እናንተ ያን ውሃ የጠጣችሁት የእኔ ጉድጓድ ንጹሕ ነው ስለተባለ ነው። ይህን ይዤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።»

ጌታቸው ተመልሶ ተጠራ። አብዱልመጂድ ሲቆፈር ከቆፋሪዎቹ ራስ ላይ ቆሞ ዋለ። ከመጸዳጃው ጀምረው ቱቦውን ተከትለው መሬቱን ከፈቱ። የጭነት መኪናዎች ለማደር በሚዞሩበት ቦታ ላይ መጋጠሚያው ደቆ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት አገኙ። ከሥሩ ደግሞ አፈር ሳይሆን ጠጠር ነበር። ከተማው ሳይቆረቆር እርሻ ያጠጣ የነበረ፣ በጠጠር የተሞላ አሮጌ ቦይ ነው፤ ቁልቁል በቀጥታ ወደ አብዱልመጂድ ግቢ ይወርዳል።

«መጨረሻውን አይቼ መንገዱን ዘለልኩት» አለ ጌታቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«መኪኖቹን በላዩ ያስነዳሁት እኔ ነኝ» አለች ሐረገወይን።

አብዱልመጂድ ጎንበስ ብሎ የተሰበረውን ቱቦ በእጁ ዳሰሰው፤ ስብራቱ የቆየ መሆኑን ራሱ ማረጋገጥ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ «በሉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» አላቸው።

የደቀቀውን አውጥተው በብረት ቱቦ ተኩት፤ ከሥሩ አሸዋ አነጠፉ፣ መጋጠሚያዎቹን በሲሚንቶ አጣበቁ፣ ቦዩን በሸክላ አፈር ጠቅጥቀው ደፈኑት። መኪና በዚያ እንዳያልፍም ትልልቅ ድንጋይ ተተከለ። የውሃው ጉድጓድ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ተቀዳ፤ ኖራም ተጨመረበት። ናፊሳም ቀስ በቀስ አገገመች።

ጣይባ ግን ዓመቱን ሙሉ ከዚያ ጉድጓድ ለልብስ ማጠቢያ ካልሆነ በቀር አልቀዳችም። ሐረገወይን የመጠጥ ውሃ በየጠዋቱ በአህያ ትልክላት ነበር። ጣይባም የሚጫነው ውሃ ከወንዙ በላይኛው በኩል ሲቀዳ በዓይኗ ካላየች አትቀበልም፤ ገና ሳይነጋጋ ከውሃ ጫኙ ኋላ ኋላ ትሄዳለች። ሐረገወይን ከደጃፏ ሆና ሁለቱ ከአህያዎቹ ጋር ቁልቁል ሲወርዱ ታያለች። አልተቀየመቻትም።