የሰፋው ቤት

ልጄ ሽብሩ አሰላ ከተማ የሰፈሩትን የእርሻ ባለሙያ ፈረንጆች ቤት አይቶ መጣና፣ የቤታችንን ሳሎን ከጓዳው የሚለየውን የጭቃ ግድግዳ በሁለት ቀን አፈረሰው።

«እማዬ፣ ቤቱ ሰፋ፤ ብርሃንም ገባ» አለኝ።

ብርሃኑማ ገባ። ባሌ ገብረወልድ ወንበሩ ላይ፣ እኔ መደቤ ላይ ሆነን ተፋጠጥን። ክንዴን በዱላ ከሰበረው ወዲህ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ምግቡን አቀርብለትና ጓዳዬ እገባለሁ፤ ፊቱን ቀና ብዬ አላይም። ሽብሩ ግን ጓዳ መቀመጥ የምወድ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ሳጥኔን ይዤ ጮሌ ከተማ ወዳለችው እህቴ ዘንድ ለመሄድ መኪና ስጠብቅ፣ ሽብሩ እያለከለከ ደረሰብኝ።

«ምን አጠፋሁ እማዬ?»

«ከአባትህ ጋር ያኖረኝን ግድግዳ ነው ያፈረስከው» አልኩት።