ለቅሶ ላይ የደወለው ሰዓት

ልጃቸው ኬረን የእጅ ሰዓቱን ከሃይፋ ያመጣችው ለፋሲካ ነበር። ጥቁር ነው፤ መስታወቱ ካልነኩት አይበራም። የልብ ትርታ ይቆጥራል፤ ያሰረው ሰው ከወደቀም አውቆ እሷ ዘንድ ይደውላል።

«ብትወድቅ እንዳውቅ ነው፣ አባ።»

«ለመውደቅማ ሰዓት አያስፈልገኝም» አሉ አባባ ይታየው።

ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካለ አንድ ፋብሪካ አስራ ዘጠኝ ዓመት የጠርሙስ ክዳን ሲፈትሹ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሳይለኩ የሚያምኑት ነገር የለም። ሰዓቱን አስረው ሽኩና ጊሜል ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታቸው እስከ ምኩራቡ ድረስ ርምጃቸውን በልባቸው እየቆጠሩ ሄዱ። እሳቸው ስድስት መቶ አስራ ሁለት አሉ፤ ሰዓቱ አምስት መቶ ሰማንያ ሰባት አለ። በማግስቱ ደገሙት። አሁንም አጎደለ።

«ሃያ አምስት ርምጃ ዋጠብኝ» ብለው ለጎረቤታቸው ለይርዳው ከሰሱት።

ይርዳው ሳቁ። «ልጅህን እጅህ ላይ አስረህ ልትዞር ነው? እኔ እያለሁ እሱ ምን ያደርግልሃል!»

እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም ሚስቶቻቸውን ቀብረው ለየብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ይርዳው ከላይ ፎቅ፣ አባባ ይታየው ከታች። ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ ይርዳው የውሃውን ቧንቧ በማንኪያ ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ አባባ ይታየው አንድ ጊዜ መትተው ይመልሳሉ። በሰላም አድረናል ማለት ነው። ሰዓቱ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ከዳስ በዓል ከሱኮት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቧንቧው ዝም አለ። አባባ ይታየው አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ራሳቸው መቱ፤ ደግመው መቱ። ከዚያ ደረጃውን ወጡ። በሩን ያስከፈቱት፣ አምቡላንስ የጠሩት፣ ለሟቹ እህት ለእማማ ስንቅነሽ ያረዱት እሳቸው ናቸው። ለፖሊሱ ሁሉንም በየደቂቃው ለይተው ነገሩት። አላለቀሱም። ለኬረንም አልደወሉም፤ ሥራ ላይ ናት ብለው ተዉት።

ረቡዕ ጠዋት ቧንቧውን እያዩ ተቀመጡ። ይርዳውን እሳቸው አገኟቸው፤ እሳቸውንስ ማን ያገኛቸዋል? አሰሉት። ኬረን የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ቢሞቱ ስድስት ቀን። ስድስት ቀን እዚህ ወለል ላይ።

ተነስተው ካርቶኑን ከቁም ሳጥን አወጡና ሰዓቱን ቻርጅ ላይ ሰኩት።

ሐሙስ ሰዓቱን አስረው ወደ ለቅሶው ድንኳን ሲገቡ የይርዳውን ፎቶ አዩ። ያን ጊዜ የያዙት ሁሉ ፈነዳ። «ወንድሜን!» ብለው ደረታቸውን ደቁ፤ እንደ አገራቸው ደንብም ራሳቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት ተንቀጠቀጠ፤ በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጻፈ። መነጽር አልያዙም። ቀጥሎ ይጮህ ጀመር።

«ኧረ ይሄን ስልክ አጥፉት! ለቅሶ አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ስልክ አይደለም፤ ሰዓት ነው» አሉ አባባ ይታየው እንደተዘረሩ።

«ሰዓት ደግሞ ምን አግኝቶት ይጮሃል?»

«አባ!» አለ ሰዓቱ በኬረን ድምፅ። «ማ ካራ፣ አባ? ምን ሆንክ? ወድቀሃል?»



«አልወደቅኩም። እያለቀስኩ ነው።»

«ለማን?»

ያን ስም ለፖሊሱም ለሐኪሙም ሳይቸግራቸው ጠርተውት ነበር። አሁን ከጉሮሯቸው አልወጣ አለ። እማማ ስንቅነሽ ጎንበስ ብለው የአባባ ይታየውን እጅ ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ኬረንዬ፣ ይርዳው ነው። ይርዳው ሄደብን።»

ከሰዓቱ ውስጥ ሌላ ለቅሶ ተሰማ። ቆየ። ማንም አላቋረጠውም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ኬረን በመጨረሻ።

«ሥራ ላይ ነሽ ብዬ።»

«እሁድ እመጣለሁ። አባ፣ ሌላ ጊዜ ስታለቅስ ‹ደህና ነኝ› የሚለውን ተጫን። ያኔ አይደውልም።»

«ደህና ካልሆንኩስ?»

«እንዳትነካው። ይደውል።»

ድምፁ ሲቋረጥ ለቀስተኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። እማማ ስንቅነሽ ግን እጃቸውን አልለቀቁም። መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ጠረጉት።

«የት ገዛችልህ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም ብቻዬን ነው የማድር።»